ከላይ ቲማቲም፣ ከታች ድንች? ስለ ሴል ውህደት የሚወራውና እውነታው

ደሴ ውስጥ የተክል ማዳቀል አስተማሪ መሆኔን የሰማ ሁሉ «ያ ከላይ ቲማቲም ከታች ድንች የሚያፈራው ዘር የት ይገኛል?» ይለኛል። የትም አይገኝም። በየቪዲዮው የምታዩት ግራፍት ነው፦ የቲማቲም ቅርንጫፍ የድንች ግንድ ላይ ታስሮ ያደገ። ሴሎቻቸው አልተዋሃዱም፤ ፍሬውን ብትዘሩት የሚበቅለው ቲማቲም ብቻ ነው። ቦሩ ሜዳ ያለ ዘመዴ «ልዩ ዘር» ተብሎ በውድ ገዝቶ የበቀለለት ተራ ቲማቲም ነው፤ እሱንም የደጋው ብርድ ጨረሰው።

እውነተኛው ውህደት ግን ተሞክሯል። በ1978 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ጌዮርግ ሜልቸርስና ባልደረቦቹ የሁለቱን ሴሎች አዋህደው ተክል አበቀሉ። ለገበታ የሚሆን ድንችም፣ ተዘርቶ የሚበቅል ፍሬም አልሰጠም።

«ሴል ማዋሃድ ቀላል ነው» የሚሉም አሉ። ቅጠሉ ኢንዛይም ውስጥ ተዘፍዝፎ የሴሎቹ ግድግዳ ይሟሟል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እንደ አተር ክብና አረንጓዴ ናቸው፤ ንጹሕ ውሃ ከነካቸው ይፈነዳሉ፤ ስለዚህ ማኒቶል የሚባል የስኳር ዓይነት ባለበት ፈሳሽ ይያዛሉ። ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ኬሚካል ሲጨመር ተጣብቀው ይዋሃዳሉ። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ያጨበጭባሉ፤ ገና ነው እኮ! የተዋሃደው ሴል ግድግዳውን መልሶ መሥራት፣ መከፋፈል፣ ሥርና ቅጠል ማውጣት አለበት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «የሁለቱም ዘረ መል በሙሉ ቢገባ ይሻላል» የሚለው ነው። ከዱር ድንች የምንፈልገው ሌት ብላይትን (የድንች ቅጠል የሚያጠቁረውን በሽታ) መቋቋሙን እንጂ ጥቃቅን ድንቹን አይደለም። ስለዚህ የለጋሹ፣ ማለትም የዱር ድንቹ፣ ሴል በጋማ ጨረር ይመታል፤ ዘረ መሉን የያዙት ክሮሞሶሞች ይሰባበራሉ፤ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ነው። አንዳንዴ የለጋሹ ኒውክለስ (ክሮሞሶሞቹ ያሉበት የሴሉ ማዕከል) ጭራሽ አይፈለግም። ከፍጅል ወደ ካኖላ (የዘይት ሰብል) ወንዴ መካንነት፣ ማለትም የአበባ ብናኝ አለማፍራት፣ ሲተላለፍ ቅጠሉ በብርድ ቢጫ ይሆን ነበር፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ ሴል በማዋሃድ የፍጅሉ ክሎሮፕላስት (ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው የሴሉ ክፍል) በካኖላው ተተክቶ ችግሩ ተፈታ።

«ጨረር የነካው ተክል ጨረር ይረጫል።» አይረጭም።

«ዝርያ መቀላቀል ተፈጥሮን መጻረር ነው።» የጓሯችን ጎመን ዘር ራሱ የጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ ነው።

ድንቻችሁ በክረምት ቅጠሉ እየጠቆረ ካስቸገራችሁ ተአምር ዘር አትፈልጉ። የታመመ ማሳ ላይ የወጣ ድንች ለዘር አታስቀሩ፤ ጉደኔን ወይም በለጠን የመሰለ የተሻሻለ ዝርያ ከግብርና ባለሙያ ጠይቁ፤ ቅጠሉ መበላሸት ሲጀምር ሳትዘገዩ አሳዩት።