ፓዝ ምንድን ነው? የቦታዎች ዝርዝር እንጂ ቦታ አይደለም

«ፓይተንን ጭኛለሁ፤ ተርሚናሉ ግን እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም ይለኛል» ብሎ ለሚጠይቅ ጀማሪ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ፓዝ ውስጥ ስላልጫንከው ነው፤ አጥፋውና እንደገና ጫነው።» (ፓይተን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው፤ ተርሚናል ደግሞ ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት።) ሰሞኑንም አንድ ልምድ ያለው የሚመስል አስተያየት ሰጪ ይህንኑ በልበ ሙሉነት ጽፎት አነበብሁ። ምክሩ አልፎ አልፎ ይሠራል፤ የሚሠራውም በተለመደው የዊንዶውስ የፓይተን መጫኛ የመጀመሪያ መስኮት ግርጌ ላይ ሳይመረጥ የሚቆየውን «ወደ ፓዝ ጨምር» የሚል ሳጥን ጀማሪው በሁለተኛው ዙር ስለሚያስተውለው ብቻ ነው። ሳጥኑን ዳግመኛ ካለፈው ግን አምስት ኪሎ ዶርም ውስጥ በሞባይል ዳታ ፋይሉን ደግሞ ያወረደው ተማሪ ጥቅሉን ጨርሶ እዚያው የስሕተት መልእክት ላይ ይገኛል።

ፓዝ ውስጥ ምንም ነገር አይጫንም። ፓዝ የፎልደሮችን አድራሻ በተርታ የያዘ አንድ የጽሑፍ መስመር ነው፤ አድራሻዎቹ በዊንዶውስ በሴሚኮለን፣ በሊኑክስና በማክ በኮለን ይለያያሉ። በ1979 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ ዕትም ጀምሮ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም። ትእዛዝ ሲጻፍ ተርሚናሉ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው አንሥቶ በየፎልደሩ እየገባ በዚያ ስም የሚጠራ ፕሮግራም መኖሩን ያያል፤ ሲያገኝ ያስነሣዋል፣ ዝርዝሩ ሲያልቅበት ደግሞ አላገኘሁም ይላል።

አራት ኪሎ የሚገኝ አንድ ቢሮ ተላላኪውን የፕሪንተር ቀለም እንዲገዛ ላከው እንበል። ተላላኪው የሱቆች ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዟል፤ በወረቀቱ ላይ ባሉት ሱቆች በቅደም ተከተላቸው ይሄዳል፣ ቀለሙን መጀመሪያ ካገኘበት ገዝቶ ይመለሳል፣ ካላገኘ ደግሞ «የለም» ብሎ ባዶ እጁን ይመጣል። ይህ «የለም» ቀለሙ ከከተማው ጠፍቷል ማለት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ከዚያ የተነሡ ሱቆች በሌላ ሰፈር ከፍተው እየሸጡ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ግን አሁንም የሚመራው ወደ አሮጌው አድራሻ ነው። «እንደገና ጫነው» የሚለው ምክር በዚህ ቢሮ ቋንቋ፣ ሱቁ በተዛወረበት ሰፈር ሥራ ላይ ሳለ አፍርሶ እዚያው ቦታ ላይ ዳግመኛ መሥራት ማለት ነው፤ ወረቀቱን የነካው ሰው የለም።

ምሳሌው ሌላም ነገር ያስረዳል። ተላላኪው ይዞት የወጣው የዝርዝሩን ቅጂ ነው፤ ከወጣ በኋላ ቢሮ ውስጥ ያለው ዋናው ዝርዝር ቢታረም እርሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ተርሚናልም እንዲሁ ሲከፈት የፓዝን ቅጂ ይዞ ስለሚነሣ፣ ፓዝን አስተካክሎ በዚያው በተከፈተው መስኮት ትእዛዙን የሚደጋግም ሰው አሮጌውን ወረቀት እያስነበበ ነው። ተርሚናሉን የሚጠቀመው ቪኤስ ኮድ በተባለው የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ውስጥ ከሆነ የውስጡን መስኮት መዝጋት አይበቃውም፤ ያ ተርሚናል ቅጂውን የሚወርሰው ከቪኤስ ኮድ ስለሆነ ቪኤስ ኮድ ራሱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ መከፈት አለበት። ምሳሌዬ ለኮምፒውተሩ የሚያዳላበት አንድ ቦታ ግን አለ፦ የእኛ ተላላኪ ቢሆን የሊስትሮውን ልጅ ጠይቆ ሱቁን ያገኘው ነበር።

ሥራዬ የኮምፒውተር ደኅንነት በመሆኑ ያልተጠየቅሁትን ልጨምር። ከዊንዶውስ ተርሚናሎች አንዱ የሆነው ኮማንድ ፕሮምፕት ዝርዝሩን ከማየቱ በፊት አሁን የቆመበትን ፎልደር ይፈትሻል፤ ሌላው የዊንዶውስ ተርሚናል ፓወርሼል፣ ሊኑክስና ማክ ግን ይህን አያደርጉም፣ በእነርሱ ላይ እዚያው ያለን ፕሮግራም ለማስነሣት ከስሙ በፊት ነጥብና ሕዝባር የሚጻፈውም ለዚህ ነው። ድካሙን ለማስቀረት፣ «አሁን ያለሁበት ፎልደር» ማለት የሆነችውን ነጥብ ራሷን ፓዝ ውስጥ ጻፋት የሚል ምክር አለ፤ አይጻፍም። ከሰው ፍላሽ የተገለበጠ ፎልደር ውስጥ በታወቀ ትእዛዝ ስም የተቀመጠ ተንኮለኛ ፕሮግራም ካለ፣ ነጥቧ በሩን ትከፍትለታለች።

ወደ አስተያየት ሰጪው ልመለስ፤ «ፓይተን የሚለውን ፋይል ሲስተም 32 ውስጥ ገልብጠው» የሚልም አክሏልና። ያ የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር በዝርዝሩ ውስጥ ስላለ ፋይሉ መገኘቱ አይቀርም፤ ነገር ግን አብረውት የሚሠሩት ፋይሎች በመጀመሪያው ቦታቸው ስለቀሩ ይነሣና ይወድቃል። ከዚህም የባሰው በስተመጨረሻ የሰጠው፣ «ሴትኤክስ» በተባለው ትእዛዝ ነባሩን ፓዝ ከአዲሱ አድራሻ ጋር አጣብቆ የሚያስቀምጠው የአንድ መስመር መፍትሔ ነው። ይህ ትእዛዝ ከ1024 ፊደል በላይ የሆነውን ቆርጦ ይጥላል፤ በዚያም ላይ የኮምፒውተሩን የጋራ ዝርዝርና የተጠቃሚውን የግል ዝርዝር ቀላቅሎ አንዱ ውስጥ ይጽፋቸዋል። ብዙ ፕሮግራም ባለበት ላፕቶፕ ላይ ትላንት ይሠሩ የነበሩ ትእዛዞች ዛሬ በድንገት «የሉም» መባል ይጀምራሉ፤ ለዚህም የሚመከረው መድኃኒት ያው እንደገና መጫን ይሆናል።

ማንኛውንም ነገር ከማውረድ በፊት ተርሚናሉ ምን እንደሚያገኝ መጠየቅ ይቻላል። በኮማንድ ፕሮምፕት «ዌር» (where)፣ በማክና በሊኑክስ «ዊች» (which) ብሎ የፕሮግራሙን ስም ማስከተል ነው። ፓወርሼል ላይ «ዌር» ሌላ ሥራ ያለው ቃል ስለሆነ ያለምንም መልስ ዝም ሊል ይችላል፤ እዚያ «ጌት ኮማንድ» (Get-Command) ይጻፋል። መልሱ ባዶ ከሆነ ፕሮግራሙ በዝርዝሩ ውስጥ ባሉት ፎልደሮች የለም ማለት ነው፤ ፓይተን ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዚያ ተጠቃሚ የራሱ ፎልደር ሥር፣ አፕዴታ (AppData) በተባለው ፎልደር ውስጥ ነው። መልሱ «ዊንዶውስ አፕስ» የሚል ፎልደር ካሳየ ደግሞ ነገሩ የቅደም ተከተል ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ዊንዶውሶች እዚያ ፎልደር ውስጥ ፓይተን የሚል ስም ያለው፣ ሲነሣ ግን የማይክሮሶፍት ስቶርን መስኮት የሚከፍት ማስመሰያ ፋይል ተቀምጧል፤ ተላላኪው ከመጀመሪያው ሱቅ ይገዛል ያልሁትም ይኸው ነው።

ስለዚህ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ፓዝ የሚታረምበትን የኤንቫይሮንመንት ቫሪያብል (Environment Variables) መስኮት ከፍቶ፣ ከላይኛው የተጠቃሚ ክፍል ፓዝን መርጦ፣ ፓይተን የተጫነበትን ፎልደር አድራሻ እንደ አንድ አዲስ መስመር ይጨምር። አዲሱ መስመር የሚገባው ከዝርዝሩ ግርጌ ነው፤ እዚያ ከተተወ ማስመሰያው ይቀድመዋልና ወደ ላይ ማንሻውን እየተጫነ ከዊንዶውስ አፕስ መስመር በላይ ያውጣው፣ ከዚያም መስኮቶቹን በእሺ ዘግቶ አዲስ ተርሚናል ይክፈት።