አዋቂን የአንደኛ ደረጃ ጂኦግራፊ መጠየቅ፦ ወሎ ላይ

አዋቂ ሰውን በልጅነቱ የተማረውን ጂኦግራፊ መልሶ መጠየቅ ወሎ ውስጥ የተለመደ ነገር ነው። ልጅ የቤት ሥራ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው አባት ወይም እናት ነው። ቡና ላይ ይነሳል፣ ጫት ላይ ይነሳል። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ሲመጣም ይነሳል። በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን በጥያቄና መልስ መልክ ይቀርባል። አሁን ደግሞ በስልክ፣ በተለይ በቴሌግራም፣ አራት ምርጫ ተሰጥቶት ይዞራል።

ከዘመናዊ ትምህርት በፊትም መሠረት አለው። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ የአገር ስም ጠርቶ ይሰጣል። ጠያቂው ካልወደደው ሌላ ያስጠራዋል። ብዙ የወሎ ልጅ የጎንደርን፣ የጎጃምን፣ የሐረርን ስም በመጀመሪያ የሰማው እዚህ ጨዋታ ላይ እንጂ ካርታ ላይ አይደለም።

ፈተናው ቀላል ይመስላል። ችግሩ የብዙው ጥያቄ መልስ በዘመን የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። «ኢትዮጵያ ከስንት አገር ጋር ትዋሰናለች?» የሚለውን እንውሰድ (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። ጅቡቲ በ1969 ነጻ ከወጣች በኋላ የተማረ ሰው «አራት» ይላል፦ ሱዳን፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ጅቡቲ። በ1985 ኤርትራ ስትለይ አምስት ሆኑ፤ አገሪቱም ወደብ አልባ ሆነች። በ2003 ደቡብ ሱዳን ስትመሠረት ስድስት። ሦስቱም መልስ ክፍል ውስጥ «ትክክል» ተብሎ እርማት ተደርጎበታል።

የአስተዳደር ክፍፍሉ ከዚህ ይብሳል። በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት የተማረ ሰው አሥራ አራቱን ክፍለ ሀገር ከነዋና ከተማቸው በቃሉ ይወጣዋል፦ ወሎ ደሴ፣ ጎጃም ደብረ ማርቆስ፣ ከፋ ጅማ፣ ወለጋ ነቀምት፣ ባሌ ጎባ እያለ። ቀደም ብሎ በንጉሡ ዘመን የተማረው ደግሞ ለጋሞ ጎፋ አርባ ምንጭን ሳይሆን ጨንቻን ይጠራል። የወሎ ሰው በተጨማሪ አውራጃዎቹን ያውቃቸዋል፦ አምባሰል፣ ቃሉ፣ ቦረና፣ ወረኢሉ፣ ወረሂመኖ፣ ዋድላ ደላንታ፣ የጁ፣ ላስታ፣ ዋግ። አውሳም ያኔ የወሎ ነበረች። በ1980 አገሪቱ በ24 የአስተዳደርና በ5 ራስ ገዝ አካባቢዎች ስትከፈል ወሎ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሎች ዘጠኝ ሆኑ። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ተጨመሩ። በ2015 የቀረው ደቡብ ለሁለት ሲከፈል ቁጥሩ 12 ደረሰ፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ሳይቆጠሩ ማለት ነው።

ስለዚህ አያት «አሥራ አራት»፣ እናት «ዘጠኝ»፣ ልጅ «አሥራ ሁለት» ቢሉ ማንም አልተሳሳተም። ሦስቱም ሚኒስትሪያቸውን በዚያው መልስ አልፈዋል። እንዲህ ያለውን መልስ ዝም ብሎ በኤክስ መሰረዝ ተገቢ አይመስለኝም። ጥያቄው ዓመት ይጻፍበት። «በ1970 ስንት ነበሩ? ዛሬስ?» ተብሎ ቢጠየቅ አያትም ልጅም የሚሉት ይኖራቸዋል። የራስ ዳሽን ከፍታም እንዲሁ ነው። በቆዩት መጽሐፍት 4,620 ሜትር ነበር፤ የኋለኞቹ ልኬቶች ከ4,600 በታች አውርደውታል። የፕላኔቶች ቁጥርም ፕሉቶ ከወጣች ወዲህ ስምንት ነው።

ዘመን የማይሽረው ጥያቄ ግን አለ፤ ወሎ ደግሞ ለዚህ የታደለ አገር ነው። «ደሴ ላይ የዘነበ ዝናብ የት ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነስቶ በኮምቦልቻና በከሚሴ በኩል ይወርድና መጨረሻው አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከደሴ ጥቂት ወደ ኩታበር አለፍ ቢሉ ግን ውኃው ፊቱን ያዞራል። በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ በካርቱም ያልፋል፣ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ የተራራ ጀርባ ብቻ ነው። ተከዜም ከላስታ ይነሳል፤ ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ወንዝ ጋር ሆኖ ናይልን ይቀላቀላል። ወሎ ላይ ፊትና ጀርባ ሆነው የተለያዩት በሽሎና ተከዜ ውኃቸው የሚገናኘው አትባራ ከተማ ላይ ነው። ይህን በጣቱ ካርታ ላይ ተከትሎ የሚያሳይ አዋቂ የአገሩን መሬት ያውቃል ለማለት እደፍራለሁ።

ሐይቆቹም ጥሩ ጥያቄ ይወጣቸዋል። «ከጣናና ከወሎው ሐይቅ ጥልቁ የቱ ነው?» ሲባል ብዙ ሰው ትልቅ ስለሆነ ጣናን ይመርጣል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የተሁለደሬው ሐይቅ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ወደ 88 ሜትር ይደርሳል። ከላይ ካለው ሐርድቦ ሐይቅ ውኃ በአንከርካ ወንዝ ይወርድለታል። ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም።

የአየር ንብረት ጥያቄ ወሎ ላይ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከደሴ ወደ ባቲ በሚኒባስ የሄደ ሰው አይቶታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ተሳፋሪው ጋቢ ደርቦ ይወጣል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ 1,850 ሜትር አካባቢ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢው ይወልቃል፤ ወይና ደጋ ገብቷል። ባቲ 1,500 ሜትር አካባቢ፣ የቆላው በር ላይ ናት። እዚያ መስኮት ይከፈታል። የመማሪያ መጽሐፉ ወይና ደጋን ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር የሚለው ይህንኑ ነው። ውርጩን የፈለገ ላስታ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣውን አቡነ ዮሴፍን ያያል። ወቅትን በተመለከተም በልግና ክረምትን ሁለቱንም የሚያርስ ገበሬ የዝናቡን አመጣጥ ከብዙ የተማረ ሰው በተሻለ ያስረዳል።

በጣም የምወደው የአቅጣጫ ጥያቄ ነው። «ሰሜን በየት ነው?» ሲባል ከተማ ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ ስልኩን ያወጣል። ወሎ ላይ ግን ጎረቤት ለጎረቤት የቆሙት መስጊድና ቤተ ክርስቲያን መልሱን ይዘውታል። ደሴና መካ በኬንትሮስ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም 40 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ደሴ ላይ ቂብላ፣ ማለትም ሙስሊም ሲሰግድ የሚዞርበት የመካ አቅጣጫ፣ ቀጥ ብሎ ሰሜን ነው። መካ በዚያው አቅጣጫ 1,150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወደ ምሥራቅ ይሠራል፣ ምዕመኑም ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይጸልያል። ፊደል ያልቆጠሩ እናት በቀን አምስት ጊዜ ወደ ሰሜን ይቆማሉ፤ ጎረቤታቸው ማለዳ ተነስተው ወደ ምሥራቅ ይሰግዳሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ስታስቀምጡ ኮምፓሱ ሞላ።

ጥላም ይረዳል። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ሰኔ ላይ በቀትር የቆመ ሰው ጥላው ወደ ደቡብ፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ ሰሜን ይወድቃል። «ፀሐይ ቀትር ላይ ሁልጊዜ አናት ላይ ናት» ብሎ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይጣላል። ከብት የጠበቀ ግን አይሳሳትም።

በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደልና ቁጥር የያዙ ብዙ አዋቂዎች ዛሬም አሉ። ከዚያ ወዲህም የጎልማሶች ትምህርት አለ። እነዚህን ሰዎች ሲፈትኑ ካርታን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «ባቲን አሳዩኝ» ማለት አይበጅም። ግድግዳ ላይ ሰሜን ወደ ጣሪያ ነው፤ ለለመደ ዓይን ካልሆነ ግራ ያጋባል። ካርታው መሬት ላይ ይነጠፍ፣ ራስጌው ወደ ቂብላ ይዙር። ከዚያ ደሴን ብቻ አሳይቶ ቀሪውን መጠየቅ ነው። ፀሐይ ከምትወጣበት በኩል ባቲና ሚሌ፣ ከምትጠልቅበት በኩል በሽሎ፣ በራስጌ ወልድያና ቆቦ፣ በግርጌ ከሚሴ ይገኛሉ።