ባዮኢንፎርማቲክስ ምንድን ነው? ካርድ ክፍል ኮምፒውተር ማስገባት አይደለም

ሰሞኑን ደሴ ላይ አንድ ተናጋሪ «ወረቀት አስቀርተናል፤ ባዮኢንፎርማቲክስ ጀምረናል» ሲሉ ሰማሁ። ወረቀት ማስቀረቱ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ስሙ ግን የጤና መረጃ አያያዝ ነው። ማን መቼ ታመመ፣ ምን መድኃኒት ወሰደ የሚለውን ይመዘግባል። ባዮኢንፎርማቲክስ የሚጀምረው ጥያቄው ወደ ዲኤንኤ፣ አርኤንኤና ፕሮቲን ሲወርድና መልሱ በኮምፒውተር ስሌት ሲፈለግ ነው።

ወልድያን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት በዚያ አካባቢ ታማሚዎች ላይ የተገኙ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያዎች ዘረመላቸው ሲተነተን ከሚታወቁት የዓለም ዝርያዎች የተለየ ቅርንጫፍ ሆነው ተገኙ። ዛሬ «የዘር ሐረግ 7» ይባላል። ካርዱ ላይ ግን ያው ሳል፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ነው። ያንን ካርድ መቶ ጊዜ ኮምፒውተር ውስጥ ብታስገቡት ሐረግ 7 አይወጣውም።

የባክቴሪያው ጂኖም፣ ማለትም መላ ዘረመሉ፣ 4.4 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። በብዛት የምንጠቀምበት የዲኤንኤ ማንበቢያ መሣሪያ ይህን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ አያነበውም፤ ብዙ ቅጂ ተቆራርጦ ይሰጠውና ቁራጩን ለየብቻ ያነባል። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአንድ ዳዊት መቶ ቅጂ ተገልብጦ፣ ሁሉም ተቆራርጦ በአንድ ጆንያ ተደባለቀ እንበል። ዳዊት ደጋሚው ቁራጩን እያነሣ በሚያውቀው ንባብ ላይ ይደረድራል። አንድ ቃል በአንድ ቁራጭ ላይ ብቻ ቢለይ የገልባጭ ስሕተት ነው፤ በዚያው ቦታ ባሉት ሁሉ ላይ ከተለየ ግን ዋናው መጽሐፍ ራሱ እንዲያ ይላል። መዝሙር 135 ላይ ሲደርስ ይቸገራል። «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» የሚል ብጣሽ ብቻ ቢይዝ ከ26ቱ ቁጥሮች በየትኛው ያኑረው? የነቀርሳው ጂኖምም እንዲህ የሚደጋገሙ ክፍሎች አሉት፤ ብዙ ጊዜ ከትንተናው እናስወጣቸዋለን። «ሙሉ ጂኖሙ ተነበበ» የሚለው ዜና ይህን አይነግራችሁም።

ደጋሚው የሚያውቀው ንባብስ የማን ነው? እኛ ቁራጮቹን የምንደረድርበት ጂኖም፣ ኤች37አርቪ የተባለው፣ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1905 አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ታማሚ የተወሰደ ባክቴሪያ ነው፤ ያውም የሌላ ቅርንጫፍ፣ የሐረግ 4። የወልድያው ባክቴሪያ ያለው፣ ያኛው ግን የሌለው ክፍል ቢኖር ቁራጩ ማረፊያ አጥቶ ይቀራል። «ሶፍትዌሩ ሁሉንም ይሠራው የለም ወይ?» ለሚሉኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው፤ ሶፍትዌሩ የጣለውን ፈልጎ ማየት የሰው ሥራ ነው።

ከካርድ ክፍል ሠራተኞች ጋር ጠብ የለኝም። እንዲያውም በናሙናው ጠርሙስ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከካርዱ ካልገጠመ ምንም ስሌት አያድነንም። የፋይል አያያዝም እንዲሁ ነው፤ ኤክሴል ማርች1 እና ሴፕት2 የተባሉትን ጂኖች ወደ ቀን እየለወጠ ስላስቸገረ፣ የሰውን ጂኖች የሚሰይመው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ስማቸው መቀየሩን እስከ ማሳወቅ ደርሷል። የጂን ዝርዝር በኤክሴል የምትልኩልኝ ሁሉ፣ እባካችሁ ስሙን ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን «ጽሑፍ» አድርጉት።