ስም ያሳሳታቸው የጅማ ጓሮ ፍጥረታት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ የጓሮ ፍጥረት ብዙውን ጊዜ ሁለት ስም አለው። ምስጥ በአፋን ኦሮሞ ሪርማ ነው፣ እንቁራሪት ራቻ፣ ትል ደግሞ ራሞ። የስም መብዛት አይጎዳም። የሚጎዳው ስሙን እንደ ማስረጃ ይዘን የማይረጨውን ስንረጭ፣ የማይገደለውን ስንገድል ነው።

«ቅርፊት የሌላት ቀንድ አውጣ ቤቷን ጥላ የወጣች ናት»

አይደለችም። ቅርፊት እንደ ጎጆ የሚገባበትና የሚወጣበት ነገር አይደለም፤ በጡንቻ ከገላ ጋር የተያያዘና አብሮ የሚያድግ አካል ነው። የተነቀለባት ቀንድ አውጣ ትሞታለች። ማታ ጎመን ላይ የምትገኘው ልሙጧ ሌላ ዝርያ ናት፤ ከእንቁላሏ ስትወጣም እንደዚያው ናት።

«ቀንድ» የተባለውም ቀንድ አይደለም። አራት ናቸው፦ ከላይ ያሉት ሁለት ረዣዥሞች ጫፋቸው ላይ ዓይን አለ፤ ከታች ያሉት ሁለት አጫጭሮች ይዳስሳሉ፣ ያሸታሉ። ጣት ሲነካቸው ልክ እንደተገለበጠ ካልሲ ወደ ውስጥ ይገባሉ።

ብዙ ሰው ጨው ይነሰንስባቸዋል። ጨው ይገድላል፤ ግን አፈሩ ውስጥ ቀርቶ የጎመኑንም ሥር ያቃጥላል። አመድ የሚሠራው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው፤ ጅማ ላይ ደግሞ የከሰዓቱ ዝናብ ብዙ አያቆየውም። የተሻለው ወጥመድ ነው። የቲማቲም ድልህ ጣሳ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ አፉ ግን ከአፈሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ከአፈሩ እኩል ከሆነ ጠቃሚዎቹ ጢንዚዛዎችም ገብተው ያልቃሉ። ከዚያ ግማሽ ድረስ ጠላ ይጨመርበታል። ጠላ የማይገባበት ቤት ደግሞ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጦ ቢያድር ያው ነው፤ የሚስባቸው የእርሾው ሽታ ነው። ጠዋት ጠዋት ይደፋል፣ በሁለት ቀን አንዴ ይታደሳል። አፈር ሲገለበጥ ነጣ ያሉ፣ ክብ፣ እንደ ዶቃ የተሰበሰቡ እንቁላሎች ከተገኙ ለዶሮ ይሰጡ፤ ከወጥመዱ ይልቅ ይህ ብዙ ሥራ ያቀላል።

«ድንጋይ ሲነሳ የሚተራመሰው ግራጫ ነገር ነፍሳት ነው፣ ችግኝ ይጨርሳል»

ብዙው ሰው «ያ ድንጋይ ሥር ያለው» ብሎ የሚያልፈው ነው። እግሩን ቁጠሩት፦ ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው፣ እሱ ግን 14 አለው። ዘመዱ ጉንዳን ሳይሆን ሸርጣን ነው። የሚተነፍሰውም ሆዱ ሥር ባሉ እርጥበት በሚፈልጉ አካላት ስለሆነ ደረቅ ቦታ ላይ ብዙ አይቆይም። እናቲቱ እንቁላሏን የትም አትጥልም፣ ሆዷ ሥር ባለ ኪስ ተሸክማ ትዞራለች። ለአንዱ ወገኑ ሳይንቲስቶች ያወጡለት ስም ፖርሴሊዮ በላቲን «ትንሽ አሳማ» ማለት ነው። የእንግሊዝ የዴቨን ሰዎችም «ቺጊ ፒግ» ይሉታል፤ እዚያም አሳማ አለች።

ዋና ምግቡ የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ነው። ለጋ ችግኝ የሚነካው ጉዝጓዙ ግንዱ ድረስ ተጠግቶ እርጥብ ሆኖ ሲከርም ነው። ጉዝጓዙን ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቁት፣ ውሃም ጠዋት አጠጡ እንጂ ማታ አይሁን። አሁንም ከበዛ ውስጡ የተቦረቦረ ግማሽ ድንች ማታ ደፍታችሁ ጠዋት ሰብስባችሁ ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ውሰዱት፤ እዚያ ሠራተኛ ነው።

«ምስጥ ነጭ ጉንዳን ነው»

የምስጥ የቅርብ ዘመዱ በረሮ ነው። ጉንዳን ደግሞ ከንብና ከተርብ ወገን ነው፤ ምስጥ የሚበሉ ጉንዳኖችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጓሮ ውስጥ ያለውን ጉንዳን ሁሉ በመድኃኒት የጨረሰ ሰው የምስጡን ጠላት ገደለ ማለት ነው።

ልዩነቱ ከዝናብ በኋላ አምፖል ዙሪያ በሚርመሰመሱት ባለ ክንፎች ላይ በደንብ ይታያል። የምስጥ አራት ክንፎች እኩል ናቸው፣ ወገቡም ወፍራም ነው። የጉንዳን የፊት ክንፎች ከኋለኞቹ ይረዝማሉ፣ ወገቡ ቀጭን ነው፣ አንቴናውም እንደ ክርን ይታጠፋል። አምፖሉ ሥር መርጨት ከንቱ ድካም ነው፤ እነዚያ ከጎጆው የወጡ ናቸው፣ ሰፈሩ ከመሬት በታች እንዳለ ነው። ይልቅ ግድግዳው ወይም ግንዱ ላይ የሠራውን የጭቃ መተላለፊያ የጣት ርዝመት ያህል ስበሩና ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሱ። ከጠገነው ሰፈሩ ሕያው ነው። ካልጠገነ ምናልባት መንገድ ቀይሯልና ሌላ ጎን ፈልጉ። የአጥር ቋሚውን በድንጋይ ላይ አቁሙ፤ ማገዶና ገለባ ግድግዳ ሥር አትከምሩ።

ገብረ ጉንዳን ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰልፉ ቤት ቢገባ በረሮውንና ትኋኑን ለቅሞ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፤ ሰው ዞር ብሎ ቢጠብቅ ጽዳት ነው። የሚያልቀው መሸሽ ያልቻለ ነው። መጀመሪያ የዶሮውን ቤት በር ክፈቱ፣ የታሰረውን ጥጃ ፍቱ።

«የምድር ትል ለሁለት ቢቆረጥ ሁለት ትል ይሆናል»

ትሉ ላይ ወፈር ያለ፣ ቀለሙ የተለየ ቀበቶ አለ፤ ለጭንቅላቱ ይቀርባል። ዶማው ከቀበቶው በስተኋላ በደንብ ርቆ ካገኘው የጭንቅላቱ ወገን ጭራ ሊያበቅል ይችላል። የጭራው ወገን ጥቂት ይንፈራገጥና ይሞታል። ሁለት አይሆንም።

የትል ብስባሽ የሚያዘጋጅም ከጓሮው ቆፍሮ ያወጣውን ትል ሣጥን ውስጥ ቢጨምር አይሆንለትም፤ ጥልቅ አፈር ለምዶ ሣጥን ውስጥ አይረባም። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ኤይሴንያ ፌቲዳ የተባለው ቀዩ ትል ነው። ትኩስ የቡና ገለፈትም በቀጥታ አይሰጥም። ሲቦካ ይግላል፤ 35 ዲግሪ ካለፈ ትሉ ያልቃል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት እያገላበጡ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ እፍኝ ጨምቆ ማየት ነው፦ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ እርጥበቱ በቂ ነው፣ ከወረደ በዝቷል።

«መቶ እግር መቶ፣ ሺ እግር ሺ እግር አለው»

የመቶ እግር የእግር ጥንዶች ቁጥር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጎዶሎ ነው፣ ከ15 እስከ 191። ስለዚህ ልክ መቶ፣ ማለትም 50 ጥንድ፣ አይመጣም። ሺ እግርም አብዛኛው ከጥቂት መቶ አያልፍም፤ ስሙን እውነት ያደረገው በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው፣ በአውስትራሊያ ከመሬት ሥር የተገኘው ባለ 1306 እግሩ ዝርያ ነው። በጓሮ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ በየቁራጩ አንድ ጥንድ እግር ካለውና ፈጣን ከሆነ ይነክሳል፣ መርዝም አለው። ሁለት ጥንድ ካለው፣ ዘገምተኛ ከሆነና ከተጠቀለለ አይነክስም፤ የሚያወጣው ፈሳሽ ግን ዓይን ያቃጥላል፣ እጅ ይታጠቡ።

«አባ ጨጓሬ ይነክሳል»

በአባ ጅፋር አገር «አባ» ከፈረስ ስም ጋር የሚሄድ ማዕረግ ነው፤ ይህኛው አባ ግን የሚለበልበው በጸጉሩ ነው እንጂ በአፉ አይደለም። የነካው ቦታ አይታሽ፤ ማሸት ጸጉሩን ይበልጥ ይሰካዋል። ፕላስተር ለጥፎ መንቀል፣ ደጋግሞ በአዲስ ፕላስተር፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ መታጠብ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ወደ ጤና ጣቢያ።

«እስስት የቆመበትን ቀለም ይይዛል፣ መርዝም አለው»

መርዝ የለውም። ቀለሙን በዋናነት የሚቀይረው ከብርሃን፣ ከሙቀትና ከስሜቱ ጋር ነው። ሲበርደው ይጠቁራል፣ ከሌላ እስስት ጋር ሲጋጠም ይደምቃል። ቃሉን የሚቀያይር ሰው እስስት መባሉ ለእስስቱ ግፍ ነው፤ እሱ የሆዱን በቆዳው የሚያሳይ ነው።