ፎቅ የሌለበት ሰፈር አውቶቡስ አያዋጣውም? በሐረርና በድሬዳዋ ስለ አውቶቡስ የሚባለውና እውነታው

«ፎቅ ካልተሠራ ለአውቶቡስ የሚበቃ ሰው አይገኝም።»
በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ የሐረር ከተማ፣ ጁገል፣ ይህን አባባል ታፈርሰዋለች። ግንቡ የከበበው መሬት 48 ሄክታር ያህል ነው፤ ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዟል፣ ረጅም ፎቅ ግን የለም። ብዙ ሰው ሳይሰለች ወደ ፌርማታ የሚሄደው 400 ሜትር፣ ማለትም የ5 ደቂቃ መንገድ ነው። በ400 ሜትር ሬዲየስ ክብ ቢሠራ ስፋቱ 50 ሄክታር ይሆናል። ስለዚህ መላው ጁገል በስፋቱ የአንድ ፌርማታ ክልል ያህል ነው! ጠባቦቹን መተላለፊያዎች ማስፋት አያስፈልግም፤ ፌርማታው ከሸዋ በር፣ ከፈላና በርና ከሌሎቹ በሮች ውጭ ቢሆን ነዋሪው በእግሩ ይደርሳል። በአንጻሩ ከከተማ ጠርዝ ተነጥሎ የቆመ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ቢሆንም፣ አውቶቡሱ እዚያ እስኪደርስ ባዶ ሜዳ ያቋርጣል። በመንገዱ የሚሳፈር የለም፣ ነዳጁ ግን ይቃጠላል።

«ካርታ ላይ ቅርብ ከሆነ ቅርብ ነው።»
ድሬዳዋ ላይ ከዚራና መጋላ የተባሉትን ሰፈሮች በበጋ የሚደርቀው የደቻቱ ወንዝ ይለያቸዋል። በበጋ አሸዋውን አቋርጦ የሚመጣ ሰው፣ ጎርፍ ሲወርድ ድልድይ ፍለጋ ይዞራል። ርቀት መለካት ያለበት ሰው በሚረግጠው መንገድ ነው። በዚያ ሙቀት ደግሞ ጥላ ያለው 400 ሜትርና ጥላ የሌለው 400 ሜትር እኩል አይደሉም። ዛፍ መትከልም የትራንስፖርት ሥራ ነው።

«መስመር በበዛ ቁጥር አገልግሎቱ ይሻሻላል።»
ምልልሱ 1 ሰዓት የሚፈጅ መስመር ላይ 6 አውቶቡስ ቢሰማራ በየ10 ደቂቃው አንድ ይመጣል፤ አማካይ ጥበቃው 5 ደቂቃ ነው። ስድስቱ እንዲህ ላሉ ሦስት መስመሮች ቢከፋፈሉ በየ30 ደቂቃው ይመጣሉ፤ ጥበቃው 15 ደቂቃ ይሆናል። ይህን የቀመሰ ተሳፋሪ በማግስቱ ባጃጅ ይይዛል።

«ፌርማታ ሲቀራረብ ሕዝቡ ይጠቀማል።»
8 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ በየ200 ሜትሩ ቢቆም 40 ጊዜ፣ በየ400 ሜትሩ ከሆነ 20 ጊዜ ይቆማል። ፍሬን ይዞ መቆም፣ በር ከፍቶ መዝጋትና እንደገና ፍጥነት መያዝ ግማሽ ደቂቃ ቢወስድ፣ በደርሶ መልስ 20 ደቂቃ ይተርፋል። የ80 ደቂቃው ምልልስ 60 ይሆናል፤ 4 አውቶቡሶች በየ20 ደቂቃው ይመጡ የነበሩት በየ15 ደቂቃው ይመጣሉ። አዲስ አውቶቡስ አልተገዛም።

«ሳይሞላ መነሳት ኪሳራ ነው።»
ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። መነሻው ላይ ጢም ብሎ የወጣ አውቶቡስ መሀል መንገድ የሚጠብቀውን ሰው ጥሎ ያልፋል። ሰዓት ካልተከበረ ደግሞ የዘገየው ብዙ ሰው ስለሚያነሳ ይበልጥ ይዘገያል፣ ኋለኛው ይደርስበታል፤ ሁለቱ ተከታትለው ይመጡና ከዚያ ረጅም ባዶ ጊዜ ይሆናል። መፍትሔው ስምሪት ሠራተኛው መነሻ ላይ በሰዓት እንዲለቅ፣ የቀደመውንም ጥቂት እንዲያቆይ ማድረግ ነው።

«አውቶቡሱ ስለሚጨናነቅ መስመሩ ጥሩ ተሳፋሪ አለው።»
ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሞልቶ ሄዶ ባዶውን የሚመለስ ብዙ ነው። የሚወጣውንና የሚወርደውን በየፌርማታው፣ በየሰዓቱ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ቁጠሩ፤ የገበያውን ቀን ከሌላው ቀን ለይታችሁ መዝግቡ።