የዌልስ ቀደምት ቅዱሳንና በስማቸው የሚጠሩ አብያተ ክርስቲያናት

በዌልስ በ«ላን» የሚጀምሩ የቦታ ስሞች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ቃሉ መጀመሪያ የታጠረ ቦታ ማለት ነበር፤ ኋላ ቤተ ክርስቲያኑን ከነቅጥሩ መጥሪያ ሆነ። ከ«ላን» ቀጥሎ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የቅዱስ ስም ነው። የቋንቋው ሕግ የስሙን መነሻ ፊደል ስለሚለውጥ ቴይሎ «ላንዴይሎ»፣ ፓዳርን ደግሞ «ላንባዳርን» ይሆናሉ፤ ለእንግዳ ሰው ስሙን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው።

ቅዱሳኑ በአብዛኛው በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የኖሩ መነኮሳትና መምህራን ናቸው። ቅድስናቸውን ያጸደቀው የሮም ዙፋን ሳይሆን የገዛ አገራቸው ሕዝብ ነው። ኢልቲድ በደቡብ ዳርቻ ስመ ጥር የገዳም ትምህርት ቤት ነበረው። ቤውኖ በሰሜን ይከበራል።

የዌልስ ጠባቂ ቅዱስ ስለሆነው ስለ ዴዊ (ዳዊት) ግን ብዙ ማለት ይቻላል፤ ገድሉ ተርፏልና። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በላቲን የጻፈው ሪጊቫርኽ የዴዊ መንበር ጳጳስ የነበረው የሱሊየን ልጅ ነው። እንደ ገድሉ፣ የዴዊ መነኮሳት ቀንበሩን በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው ያለ በሬ ያርሳሉ፤ ማታ ዳቦ በጨውና በቅጠላ ቅጠል ይበላሉ፤ ከውኃ በቀር መጠጥ የላቸውም። ዴዊ በብሬቪ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሲሰብክ መሬቱ ከእግሩ ሥር ከፍ አለ፤ የላንዴዊ ብሬቪ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ጉብታ ላይ ቆማ ትታያለች። የኢየሩሳሌም ፓትርያርክ ሊቀ ጳጳስ አድርጎ ሾመው የሚለውን ክፍል ግን ምሁራን ለካንተርበሪ (ለእንግሊዝ ሊቀ ጳጳስ መንበር) ላለመገዛት የቀረበ ሙግት ነው ይሉታል። ያረፈው በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን ነው፤ ዓመቱን አንዳንዶች 589፣ ሌሎች 601 ይላሉ። ዛሬ በስሙ ከተማ የሚታየው ውብ ካቴድራል ግንባታው የተጀመረው በ1181 ነው። ሁለት ጊዜ ወደዚያ መሳለም አንድ ጊዜ ሮም ከመሳለም ይቆጠር ነበር።

የቴይሎን አስከሬን ሦስት ደብሮች ተሻሙበት፤ ሌሊቱን ሦስት አስከሬን ሆኖ አደረና ሁሉም ደረሳቸው ይባላል። ከሦስቱ አንዷ ላንዳፍ ናት። ከፈረንሳይ የተነሡት ወራሪዎች፣ ኖርማኖች፣ ከመጡ በኋላ በርካታ አድባራት የጴጥሮስ ወይም የማርያም ተብለዋል፤ የመንደሩ ስም ግን የቀድሞውን ቅዱስ አልለቀቀም።

ከሴቶቹ ስሟ የገነነው ግዌንፍረዊ ናት። አንገቷ በተቀላበት ስፍራ ጠበል ፈለቀ፣ አጎቷ ቤውኖም ጸልዮ አስነሣት ይላል ገድሏ። በተሐድሶው ዘመን እንኳ ተሳላሚ አልተቋረጠበትም። በ1917 (እ.ኤ.አ.) በአካባቢው የማዕድን ዋሻ ሲቆፈር ምንጩ ነጠፈና ውኃ ከሌላ ምንጭ ተስቦ ገባለት፤ ምእመናን ዛሬም ገብተው ይጠመቁበታል።