ዘግይቶ የሚመጣ የጨረር ጉዳት በስታቲስቲክስ ሲሰላ

በጨረር ሕክምና ሰሞን የሚታየው የቆዳ መቅላትና የአፍ መቁሰል አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሽራል። ዘግይቶ የሚመጣው ጉዳት ግን በተለምዶ ከ90 ቀን በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይከሰታል፤ ከተከሰተ ደግሞ እምብዛም አይድንም። የሳንባ ጠባሳ፣ የህብለ ሰረሰር ጉዳትና የፊንጢጣ መድማት ከዚህ ወገን ናቸው። ሐኪሙ የጨረሩን መጠን የሚወስነው ጉዳቱ ከመታየቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ስለሆነ፣ ዕድሉን በስሌት ከመገመት ሌላ አማራጭ የለውም።

በሰፊው የሚሠራበት ሞዴል ተመራማሪው ላይማን እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበው ነው። ግማሾቹን ታካሚዎች የሚጎዳውን መጠን፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ዕድሉ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥና የአካል ክፍሉን ጠባይ ይጠይቃል። ጠባይ ማለት እንዲህ ነው፦ ህብለ ሰረሰር አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይጓደላል፤ ስለዚህ የሚያሰጋው ከፍተኛው መጠን ነው። ሳንባ ግን ጥቂቱ ቢጎዳ የቀረው ይሠራል፤ እዚያ የሚታየው አማካዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ኳንቴክ በተባለው ግምገማ መሠረት፣ በቀን 2 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) እየተሰጠ ህብለ ሰረሰር ላይ በድምሩ 50 ግሬይ ሲያርፍ የጉዳቱ ዕድል 0.2 በመቶ፣ 60 ሲሆን 6 በመቶ ገደማ ነው።

ድምሩ ብቻውን ግን ያሳስታል። 60 ግሬይ በ30 ቀን ቢከፋፈል በየጊዜው 2 ይደርሳል፤ በ20 ቀን ቢሰጥ 3። ዘግይተው ለሚጎዱ ህብረ ሕዋሳት የአልፋና የቤታ ንጽጽር (ህብረ ሕዋሱ በአንድ ጊዜ ለሚሰጥ መጠን ትልቅነት ምን ያህል ስሱ እንደሆነ የሚገልጽ ቁጥር) 3 ግሬይ ገደማ ነው ከተባለ፣ ሁለተኛው አሰጣጥ በ2 ግሬይ ልክ ሲመነዘር 72 ይሆናል። በወረቀት ላይ ሁለቱም 60 ናቸው።

ለእኔ መጠንን ከጉዳት ዕድል ጋር ከሚያያይዘው ኩርባ ይልቅ አስቸጋሪው ቆጠራው ነው። 100 ሰዎች ታክመው 40ዎቹ ጠባሳ ሊታይ ከሚችልበት ጊዜ በፊት በካንሰሩ ሞቱ፣ ከቀሩት 12ቱ ተጎዱ እንበል። ከ100 ሲሰላ 12 በመቶ፣ ከ60 ሲሰላ 20 በመቶ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ካፕላንና ማየር እ.ኤ.አ. በ1958 ያቀረቡት ዘዴ ክትትላቸው የተቋረጡትን፣ እዚህ የሞቱትን፣ እስከተከታተልናቸው ቀን ብቻ ስለሚቆጥር ወደ 20ው ያመራል። ይህ ስለ ህብረ ሕዋሱ ለሚጠይቅ ተመራማሪ ይስማማል። «እኔን ይደርስብኛል?» ለሚል ታካሚ ግን ሞትን እንደ ተፎካካሪ ክስተት፣ ማለትም ቀድሞ ከደረሰ ጉዳቱን እንዳይከሰት የሚያደርግ ነገር አድርጎ፣ የሚያስገባው ስሌት፣ ማለትም 12ው፣ ይቀርባል። ሁለቱን ያደበላለቀ ጽሑፍ ብዙ ነው። ታካሚዎች ረጅም ዕድሜ ባገኙ ቁጥር ደግሞ 12ው ወደ 20ው እየተጠጋ ይሄዳል።